ክብደት ያስገቡ

መብራት ከሄደ ሩብ ሰዓት ቢሆነው፣
የባጃጅ ጥሩንባ በሩን አናጋው፤
የማንኩሳው አንለይ፣ በርበሬ መዛኙ፣
ልጅ ታቅፎ ገባ፣ ዐይኖቹ ተከፍተው ከዐይን የማይገናኙ።
«ከመስኖው ቦይ ነው፤ አሁን፣ አሁን አወጣሁት፤
ስሙ ቢሻው ነው» አለኝ፣ ስሙን መች ጠየቅሁት።
(ስሙ ራሱ ግማሽ ጸሎት ነው፤ ግማሹ ለእኛ ቀርቷል።)

ስንዱ አንገቱን አቀናች፣ ጭምብሉን አፉ ላይ ገጠመች፣
ፊኛውን ጨምቃ አምስት ትንፋሽ ሰጠች፤
ደረቱ ከፍ አለ፣ መልሶ ዝቅ አለ፣
ከውስጥ የሚመልስ ግን ማንም የለ።
በአንድ መዳፌ ተጫንሁ፣ አሥራ አምስት ለሁለት፣
ያን ጊዜ ከግድግዳው ጠየቀን ታብሌት፦

        ክብደት ያስገቡ

ሚዛኑ ክትባት ክፍል ነው፣ ቁልፉ እቤቱ በሄደ ሰው ኪስ።
ቁመት የሚለካው ጥብጣብ ከመሳቢያው የለም።
ተለማማጁ ደምለው መሳቢያውን ሦስቴ ከፈተ፣ ሦስቴ ዘጋ።

        ክብደት ያስገቡ

ያን ሰሌዳ እጠላው ነበር፣ አልዋሽም።
ሲያመጡት «የኛ ጭንቅላት ምን ሊሠራ ነው?» ያልሁ እኔ ነኝ።
ግን አንድ ሰኔ፣ ሌላ ጤና ጣቢያ፣ በሻማ፣
መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ሳሰላ
አንዲት ነጥብ ሸሸችኝ።
ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነገር በአራት ነጥብ ያልቃል ተብዬ ነበር፤
ለዚያች ልጅ አንዷ በቃች።

«አሥራ አንድ ኪሎ።»
አንለይ ነው። ከጥጉ ቆሟል፣
ክንዶቹ ባዶ፣ ግን ገና እንደታቀፉ።
«አሥራ አንድ፤ ከሩብ አያልፍም።
ሃያ ዓመት ጆንያ አንስቻለሁ፣ ሚዛን ሲዋሽ ክንዴ ይነግረኛል።»
ቀጥሎ፣ ቀስ ብሎ፦
«የጠጣውን ውኃ ቀንሼ ነው።»

ደምለው በሚንቀጠቀጥ ጣቱ አሥራ አንድ ብሎ ጻፈ።
ሰሌዳው አላመነታም፦
አድሬናሊን፣ አንድ ነጥብ አንድ ሚሊ ሊትር።
ነጥቧ ከቦታዋ፣ እንደ ምስማር ተመትታ።
በዚያው ሰማያዊ ብርሃን መድኃኒቱን ቀዳን፣
መርፌው ከጉልበቱ በታች ከቅልጥሙ ገባ፣
አንለይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ተጫንሁ፣ ቆጠርሁ፣ ላቤ ዐይኔን ጋረደው፤
ሰሌዳው ሁለት ደቂቃን እንደ ገብስ ይሰፍረዋል እንጂ መች ቸገረው።
«ይቁሙ። ምት ይፈልጉ» አለ።
እጄ መቆም ፈራ። ካቆምሁ የማልሰማውን እሰማለሁ ብዬ።
ስንዱ አንጓዬን ይዛ አነሳችልኝ።
ዝም።
እንደገና። አሥራ አምስት ለሁለት። እንደገና።

ከአንለይ ኮት የበርበሬ ብናኝ ክፍሉን ሞልቶት ነበርና
ስትን የሚል ድምፅ ስሰማ
ደምለው መስሎኝ ልቆጣው ቀና አልሁ።
ደምለው አፉን ይዞ ልጁን ያያል።
ስንዱ ሁለት ጣቷን ከጭኑ ሥር አኑራ
ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይቆጥራል።

አምቡላንሱ ወደ ደብረ ማርቆስ ተነሣ።
አንለይ ከልጁ ጎን ተቀምጦ፣ መዳፉን ከጀርባው ሥር ሰዶ
እንደገና ይመዝነው ነበር።

ታብሌቱ ሦስት በመቶ ቀርቶታል፣ ጥያቄም አንድ፦

        ውጤት ያስገቡ
        ተርፏል       አልተረፈም

«መንገድ ላይ ነው» የሚል ፈለግሁ፤ የለውም፣
ፍኖተ ሰላም ላይ ተሰቅሎ እንኳ።
ጣቴን መለስሁ።
ብርሃኑ ጠፋ። ስንዱ በጨለማው ወለሉን ትወለውላለች፤
እኔ ከበሩ ቆሜ የመኪናውን የኋላ መብራት አያለሁ፣
ሁለት ቀይ ነጥብ፣
የድሮ ጸሐፊ ቃል ሳያልቅበት
በቃልና በቃል መሐል የሚያኖራት፡