ሁለት ዙር

ጥር ሲጋመስ በባህሬን፣ ዝናብ ባደረ ማግስት፣
ጉደይቢያ፣ ከሺሃብ ጋራዥ ደጃፍ፣ ገና ሳይነጋ በሌሊት፣
ቆመናል ሦስት ሴት፦
እኔ፣ መዲና፣ ስንዱ።
በኪሴ መንጃ ፈቃዴ፣ ገና ያልተላጠ ካርዱ፤
ሦስቴ ወድቄ ያገኘሁት፣ በአራተኛው፣
«ወደ ኋላ ስትነጂ ትደነግጫለሽ» እያለኝ ፈታኙ ሰው።

ሺሃብ የኬረላ ልጅ ነው፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፤
ነጭ ሳኒ አወጣልን፣ ግጭት ያለባት ከኋላ።
«ማሞቂያው አይሠራም» አለ፣ «ቀዝቃዛ ነው የሚተፋ፤
ማታ በሦስት ሰዓት መልሱ፤ ቤንዚን ሞልታችሁ፤ ዕቃ እንዳይጠፋ።»

ሄድን።
በሲትራ በኩል፣ የዘይት ጋኖች እንደ ድፍን ድስት ተደርድረው፣
ከአንዱ ጭስ ማውጫ ጫፍ እሳቱን ነፋስ ሲያዘነብለው፤
ውሃ ባቆረው አስፋልት ጎማችን ክንፍ አውጥቶ
የማናውቀውን ሰው ላንድክሩዘር በጭቃ ቀብቶ።
ስንዱ ጮኸች፤ መዲና ሳቀች፤ እኔ ግን መሪውን
እንደ አራስ ልጅ አንገት ይዤ፣ አላየሁም ባሕሩን።

አስከር ስንደርስ ነጋ።
መረቡን የሚያራግፍ ሽማግሌ «ወዴት?» አለን፣ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ።
ስንዱ በአረብኛዋ፦ «ደሴትህን ልንዞር!» ሳቀ፣ ጥርሱ ሁሉ ታይቶ።
«ይኼማ ከቁርስ እስከ ምሳ አይሞላም» ብሎ፣
ሁለት የተጠበሰ ዓሣ ሰጠን፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ።

ዛፏ ጋ ደረስን፤ «የሕይወት ዛፍ» የሚሏት፤
አሸዋ መሐል ብቻዋን፣ አጥር ታጥሮላት፣ ዘብ ቆሞላት።
ሰዉ ፎቶ ይነሳል። መዲና ቅጠሏን አሽታ፣ አሽትታ፣
ቆየች ዝም ብላ።
«የዚች እሾህ ዘመድ» አለች፣ «መልካ ወረር፣ በእኛ ጓሮ፣
በዶዘር ነው የምትነቀል፣ በዘመቻ፣ በሮሮ።
ፍየል ትታመምባታለች፤ እርሻ ትውጣለች፤
እዚህ ብቻዋን ስለሆነች ነው መሰል፣ ቅድስት ተባለች።»

ጀበል ዱኻን፣ የጢስ ተራራ፣ የአገሩ ሁሉ ከፍታ።
የመንዟ ስንዱ ፈለገችው፣ አንገቷን በመስኮት አውጥታ።
«ተራራው የት ነው?» «ያውልሽ።» «የቱ?»
«ያ!»
«ያማ ክምር ነው የአባቴ፤ ያውም አዝመራው ሲከዳው፣ እቱ!»

ከሳኺር ማዶ ድንኳኑ፣ ባንዲራው፣ የሚያጓራው ጄኔሬተር፤
«ሺታ» ይሉታል ብርዱን፤ ሊቀምሱት ይወጣሉ ከከተማው አጥር።
«እዚያ ጋ ሁለት ዓመት ዕቃ አጥቤያለሁ» አለች ስንዱ።
«ውሃው ጣት ይቆርጣል።» ሌላ አልጨመረች።

ዘላቅ ዳር ዓሣውን በላን። የሳዑዲው ድልድይ
ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ጫፉ አይታይ።
ከዚያ ቡደያ። ከዚያ፣ እንዴ!
ጉደይቢያ።
ገና ሰባት ሰዓት።
ደሴቷ አለቀች።

መኪናዋን ዳር አስያዝኩና ተያየን።
ለአንድ ቀን ነበር አዋጥተን የተከራየን።
ስንዱ ናት የተናገረችው፣ ጣቷ የመስኮቱን ጭጋግ እየጠረገ፦
«አሥራ አንድ ዓመት በማዳም መኪና፣ ሕፃን ታቅፌ፣ ከኋላ፣
ሁልጊዜ በግራ መስኮት። ዛሬም ይኸው፣ ሳላስበው፣ እዚያው ተቀመጥኩ።
ይህችን አገር በአንድ ጎኗ ነው የማውቃት።»
«እሺ፣ ነይ ወደ ቀኝ» አለች መዲና።
«ወንበሬን አልቀይርም» አለች። «መንገዱን ቀይሩልኝ።»

የኋላ ማርሽ አስገባሁ።
አልደነገጥኩም።

ዘላቅ ቀደመ፣ ድንኳኑ ተከተለ፤ ተራራው በጀርባው ሲታይ ትንሽ ረዝሞ፤
አስከር ስንደርስ ሽማግሌው መረቡን አጥፎ፣ ፋኖስ ይዞ ቆሞ፣
«ረስታችሁት የሄዳችሁት ነገር አለ?» አለን።
«አዎ» አለች ስንዱ፣ «ግማሹን።»
አልገባውም። በእጁ መረቀን።

ሺሃብ በባትሪ አብርቶ ቆጣሪውን አነበበ፤
ቀነሰ፤ ደመረ፤ ጢሙን እያሸ አሰበ።
«ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር! የት ደረሳችሁ?»
«እዚሁ» አልነው።
ቁልፉን ግን ወዲያው አልሰጠሁትም።