የስምንት ሚሊዮኑ ኮት

አክስቴ ራግንሂልድ፣ ቫርዶ ነው ቤቷ፣
ባሕር ነው ጓሮዋ፣ ነፋስ ጎረቤቷ።
በሃያ ዓመቷ ፋኖስ ፋብሪካ ገባች፣
ለዓሣ ጀልባዎች መስተዋት ስትገጥም ክረምቱን ገፋች።
አንድ የገና ዋዜማ ካዝናው ባዶ ቀረ፤
ሥራ አስኪያጁ መጣ፣ ባርኔጣውን ይዞ መሬት እያየ ተናገረ፦
«ደሞዝ የለም» አለ፣ «ወረቀት ግን አለ።»
አርባ አክሲዮን ሰጣት፤ የማኅተሙ ቀለም እጇን በከለ።

ሦስት ዓመት አስቀምጣ፣ ከመሳቢያ አውጥታ
ለፖስታ ቤቱ ሹም ሸጠችው አንድ ማታ።

የሆነው ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ «ቢሆን»።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ታኅሣሥ ነው፤ ፀሐይ የማትወጣበት፣
ቀትር ላይ ሻማ የሚበራበት።
ጠረጴዛዋን ይዤ፣ ኮምፒውተሬን ከፍቼ፣
አርባውን አክሲዮን የሃምሳ ዓመት መንገድ ነዳሁት ጓጉቼ።
አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ስድስት ወለደ፤
የትርፍ ድርሻውም ሳይበላ ተመልሶ እናቱ ጉያ ሄደ፤
ፋኖሱ ራዳር ሆነ፣ ራዳሩ ሳተላይት፣
ትርፍ በትርፍ ላይ፣ ልክ እንደ በረዶ በሌሊት።
በሰማንያ ሰባት ወደቀ፤ «አትንኪው!» አልኩ፣ ያኔ እንዳለች ሁሉ፤
በሁለት ሺህ ስምንት ግማሹ ጠፋ፤ «ቻይው!» አልኩ፤
ሃምሳ ዓመት መታገሥ፣ ለተቀመጠ ሰው፣ ቀላል ነው በቃሉ።

መጨረሻው መስመር ላይ ስምንት ሚሊዮን ክሮነር።
ዝም አልን። ማሞቂያው ብቻ ነበር የሚናገር።
ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤
እኔ ግን አለብኳት፣ በአሥርዮሽ ነጥብ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ።

«እና» አለች አክስቴ፣ «የሲቨርትን አሰላህ ወይ?
የዓሣ ዘይት ፋብሪካ አምኖ የገዛውን፣ ያውና፣ አታይ?»
በመስኮት አሳየችኝ፦ ግድግዳ፣ ያለ ጣሪያ፣
የባሕር ወፍ ጎጆ፣ የልጆች መሸሸጊያ።
እሱ አልሸጠም። ታገሠ። አንዲት ወረቀት አልጎደለችበትም፤
ሲሞት መቶ አክሲዮን ነበረው፤ መቶው ግን አንድ ዳቦ አይገዛም።
እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤
ውስጡ የሞተውስ? ያም ይታቀፋል።

«አንቺስ ለአባቴ ጀልባ፣ ለሞተሩ ብለሽ...» በቤታችን ታሪክ
እንዲያ ነበር የሚተረክ።
ሳቀች። ተነሥታ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ስትበረብር
ቀይ ኮት አወጣች፣ ባለ ስምንት ቁልፍ፣ ሐር ነው የውስጥ ገበር።

«ይኸውልህ ስምንት ሚሊዮንህ። ይህና የመርከብ ትኬት፤
በርገን ድረስ፣ ብቻዬን፣ አሥራ አንድ ቀንና ሌሊት።
ማንም አያውቀኝም፤ ማንንም አላውቅም።
አስተናጋጁ ‹እመቤቴ› ይለኛል፤ አላርመውም።»

ቁልፎቹን ቆጠርኩ፤ ሚሊዮን ነው አንዱ።
ሰባት ናቸው። «ስምንተኛውስ?» «ባሕር ነው መንገዱ፤
የመርከቡን አጥር ስደገፍ ተበጠሰ፤
ትንሽ ተንሳፈፈ፤ ከዚያ ማዕበል መጣና ወረሰ።»

ለበሰችው። ሰፋት። ትከሻዋ ከስቷል።
ብል ክንዱን በልቶታል፤
ብልም ድርሻ ነበረው፣ ትርፉን ተካፍሏል።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር፤
«ኮቱ ረታ» ብዬ ለወዳጆቼ እያወራሁ እንድኖር።
ግን ሌሊት፣ በእግር ጣቷ፣ ወደ እኔ ክፍል መጣች፤
ኮቱን አላወለቀች።
«ተኝተሃል?» አለች። «ያ መሣሪያህ እስኪ...
ሃያውን ብቻ ብሸጥ፣ ሃያውን ባስቀምጥ፣
ኮቱ ይገዛ ነበር?»

ከፈትኩት። ብርሃኑ ፊቷ ላይ አረፈ።
የአክሲዮኑ ዋጋ በየቀኑ ሰፍሯል፣ አንዲት ቀን ሳያልፍ፤
የኮቱን ዋጋ ግን ማንም አልጻፈ።
«ስንት ነበር?» አልኳት።

ቆየች። ቁልፍ የጎደለበትን ቀዳዳ በጣቷ ዳበሰች።
«አላስታውስም» አለች።
«ውድ ነበር።»