ሠላሳ ሰባት ከመቶ

መጋቢት ነው በኢስቶኒያ፤ የፓርኑ ባሕር በረዶ ያኝካል፤
የሱቄ በር ሲከፈት ብርዱ ከደንበኛ ቀድሞ ይገባል።
ወይዘሮ ሌይዳ መጡ፤ በሹራብ የተጠቀለለ፣
እንደ ጨቅላ የታቀፉት አንድ ነገር በደረታቸው አለ።
«ሃርድ ዲስክ ነው፣ ራይቮ፤ የኤልማር፣ የባለቤቴ፤
የወደቡን በረዶ ድምፅ ሠላሳ ዓመት ቀድቶ፣ ይኸው ነው የቀረኝ በቤቴ።
ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ላሻግረው ብዬ ስጀምር፣
መስመሯ አረንጓዴ ትሞላለች፣ ስንዝር በስንዝር፤
ሠላሳ ሰባት ከመቶ ላይ ስትደርስ፣ ጭጭ።
‹መሣሪያው የለም› ይለኛል፤ እሱ ግን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ!»

ትንሹን ሲቀዱ ደኅና ነው፤ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፤
ትልቁ ላይ ነው የሚከዳው፤ አመሉ ለእኔ አልጠፋኝ።
ቀላል ጭነትማ ማንም ይሸከማል፤
ጉልበት ዳገት ላይ ይታማል።

ሽቦውን በአዲስ ቀየርኩላቸው። «ከኋላ ይሰኩት፤ የፊቱ ቀዳዳ ደካማ ነው» አልኩ፤
ኃይል ቆጣቢውን፣ ያን ስስታም ዘበኛ፣ ማጥፊያውን በወረቀት ጻፍኩ፤
እሱ ነው «ማንም የለም» ብሎ የደረጃ መብራት የሚያጠፋ፣
ሰው ሶፋ ተሸክሞ ገና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲለፋ።
ዲስኩንም መረመርኩ፤ «ቅጂ እዚህ አይቀርም» ብለው ስለከለከሉኝ፣
ንባቡን ብቻ ፈተንኩ፤ እሳቸው ወንበር ስበው ሲጠብቁኝ።
ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነበበ፤ አንድ ጭረት አጣሁበት፤
በማግሥቱ ስልኬ ጮኸ፦ «ራይቮ፣ ዛሬም ሠላሳ ሰባት!»

ሄድኩ። ከወደቡ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የእንጨት ቤት፤
ኮምፒውተሩ ማእድ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ፣ ሙቀት ያለበት።
ዲስኩ ግን በሌላው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ የኤልማር ጠረጴዛ ላይ፣
ከመነጽሩና ከተገመሰ እርሳሱ ጎን፣ ባሕሩን እንደሚያይ።
በመካከል? ገመድ። በእኔ አዲስ ሽቦ ጫፍ ላይ ሌላ ተቀጥሎ፣
በዚያም ላይ ሌላ፤ በምንጣፍ ሥር፣ በበር ሥር፣ ስድስት ሜትር እባብ አክሎ።

ቀጭን ሽቦ ኃይል ይበላል፤ መንገድ ሲረዝም ይብስበታል፤
ዲስኩ ሮጦ ሮጦ ሲጠማው፣ ጠብታ ብቻ ይደርሰዋል።
«ይህን ለምን አልነገሩኝም?» «አልጠየቅከኝማ» አሉኝ።
«ዲስኩን ወደ ምድጃው ላምጣው?» ስል፣ በዓይናቸው ብቻ ገፉኝ።
ጠረጴዛው ላይ አቧራ አለ፤ በመሐሉ ንጹሕ አራት ማዕዘን፣ የዲስኩ ልኩ፤
ከሱቄ ሲመልሱት እዚያው አሳረፉት፤ አቧራውን ሳይነኩ።

እኔ እንግዲህ ኮምፒውተሩን አቅፌ ተሻገርኩ ከማእድ ቤት፤
እሳቸው መነጽሩን፣ መጀመሪያ ትንሽ ቆመው፣ አንድ ስንዝር ገፋ አደረጉት።
አጭር ገመድ፣ የመዳፍ ያህል። ሰካሁ። መስመሯ ጀመረች።
ሃያ። ሠላሳ። ከውጭ አንዲት መርከብ ጮኸች።
ሠላሳ ስድስት። ወይዘሮዋ ቀሚሳቸውን ጨበጡ፤
ሠላሳ ሰባት። ጸሎት የማያውቁ ከንፈሮቼ አንዳች ነገር አወጡ።
ሠላሳ ስምንት።
«ሠላሳ ስምንትን አላውቀውም ነበር» አሉና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ንጋት ላይ መቶ ሞላ። ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል፤
ልነቅል እጄን ስዘረጋ፣ ለካ ዓይናቸው ተገልጧል።
ያዙኝ። «እንዲህ አይነቀልም፤ መጀመሪያ አሰናብተው፤
‹አሁን ማውጣት ይችላሉ› እስኪል ድረስ ጠብቀው።
ኤልማር ሳይሰናበት...» ብለው ቀሪውን ተዉት።
ተጫንኩ። መብራቷ እስክትጠፋ ቆየን፤ ከዚያ እሳቸው ነቀሉት።