ልበ ሰፊ

ዶክተሩ ተናግሮ፣ ወደ እኔ ዞረና
ጠበቀኝ፤ ተራው የአስተርጓሚ ነውና።
አሽቀሎን፣ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ባሕር ነው፣ የቀረውም ሰማይ፤
አልጋው ላይ ጋሼ ቢያድግልኝ በሦስት ትራስ ተደግፈው፣
ጋደም ያሉ እንደሁ ያፍናቸዋል፣ ሌሊቱም ቁጭ ብለው ነው።

ምን ብዬ ልተርጉም?
ቃሉ በዕብራይስጥ ደረቅ ነው፣ እንደ መብራት ደረሰኝ፤
ወዳማርኛ ሳሻግረው ሙገሳ ሆኖ ቆየኝ።
«ልብዎ ሰፍቷል ይላሉ።»
ፈገግ አሉ።
«እሱንስ ድሮም ብለውኛል፤
ልበ ሰፊ ነህ እያሉ ስንቱን አሸክመውኛል!»

«እንዲያ አይደለም፣ ጋሼ። ስፋቱ የሹራብ ነው፣
ላስቲኩ የረገበ፣ መሰብሰብ ያቃተው፤
ደሙ ይገባል እንጂ ገፍቶ አያወጣውም፤
ከመቶ ሃያውን ነው፣ ሌላውን አይችልም።»

ዶክተሩ ብርድ ልብሱን ገልጦ ቁርጭምጭሚታቸውን ባውራ ጣቱ ጫነ፤
ሲያነሳው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፣ ማኅተም ሆነ።
«ስንት ዓመት ጠጡ?» አለ።
እሳቸው በዓመት አልቆጠሩም፤ በቦታ ነበር የቆጠሩት፦
ካራቫን ሰፈር፣ የመጣን ሰሞን፣ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲወርድ፤
ብርቱካን ማሸጊያው፣ ከማሽኑ ጀርባ፣ ለብርድ፤
ከዚያ የሠርግ አዳራሹ፣ መኪና ማቆሚያው፣ የዘበኛ ቤት፣
የሰው ሙሽራ በግድግዳ እየሰሙ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
አረቄው በውሃ ጠርሙስ።
«ደግሞ ሰክሬ አላውቅም፤ አላረፈድሁ፣ ሰው አልነካሁ፣
በሰላም ገባሁ፣ በሰላም ወጣሁ።»

ይህንን ተረጎምኩ። ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ፦
እሳቸው ባይሰክሩም ጡንቻው ይቆጥር ነበር፤ ቆጥሮ ቆጥሮ አለቀ።

ስክሪኑ ላይ አዩት፤ ግራጫ፣ ግራ የገባው፣
የሚከፈት፣ የማይዘጋ፣ የደከመ ዓሣ አፍ ነው።
ዝም አሉ። ቆዩ። ከዚያ፦
«እናቴ አራት ልጅ ቀብራ ነው ቢያድግልኝ ያለችኝ፤
ይሄ እንዲያድግ አልነበረም እኮ የለመነችልኝ።»

መጠጡን ፈጽመው ከተዉ፣ መድኃኒቱን ከዋጡ፣
ጨው ከቀነሱ፣ ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ ከወጡ፣
ሊጠብ ይችላል ይላሉ፤ ሙሉ ባይሆንም፣ በመጠኑ።
«ሊጠብ?» አሉ። እጃቸው ባልጋው ብረት ላይ ይንቀጠቀጣል፤
ያለ አረቄ ሦስት ሞላ ቀኑ።

«ልጄ፣ ልቤ ሲጠብ
የዋጥኩት ሁሉ ወዴት ይሂድ? የፎርማኑ ስድብ፣
ሱዳን ላይ የተውኳት ታናሽ እህቴ፣
ይሄ ሁሉ ነገር የት ይደር፣ በሞቴ?»

«ምን አሉ?» አለኝ ዶክተሩ፣ ጣቱ ፊደሉ ላይ ቆሞ።
«አስተርጓሚ» የሚል ካርድ አለ ደረቴ ላይ፣ ከስሜ ሥር ታትሞ።
«ስለ ኪኒኑ ነው» አልኩት። «ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»
«በኋላ» አለ።
ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፣
ገና ሳልተረጉም።