የገማች ማስታወሻ

ከዚራ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣ ሸራዋን ገፍፎ አሳየኝ፤
ባለሁለት በር ቀይ አልፋ፣ በአንድ መብራቷ አየችኝ።

የመድን ገማች ነኝ እኔ፤ ፎርሜ ጠባብ፣ ጥያቄው ደረቅ።
የሞተር ቁጥር? ዝጎ ጠፍቷል፤ በጥፍሩ ጀምሯል ሊፍቅ።
የተሠራችበት ዘመን? «እኔ ሚዜ የሆንኩ ዓመት፣»
አለ ጋሽ ዘከሪያ፣ «ደንገጎን በሃያ ደቂቃ የወጣች ዕለት።»

ሮብሌ ደላላው ትናንት ጎማዋን በእግሩ መታ፣
«በኪሎ ከሆነ እገዛለሁ» አለና ወጣ በእርጋታ።

መሥሪያ ቤቴም ያው ነው፤ ላረጀች ሙሉ ዋስትና አይሰጥም፤
ሦስተኛ ወገን ብቻ፦ የገጨችውን እንጂ እሷን አይክስም።
«ደቻቱ ቢሞላስ?» «አይሸፍንም።» «እሳትስ?» «አይጨምርም።»
«ታዲያ የምከፍለው ለምን?»
እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ቁልፉን አዞረ። አሳላት። ደግሞ አሳላት። በሦስተኛው
የኒሙ ቅጠል ረገፈ። «ግባ» አለኝ፤ በሩን ከፈተው።
እስከ ለገሃር ሄድን፣ ጉልበቴ ከአገጬ ተጋጥሞ፤
ባጃጆች መንገድ ለቀቁ፣ ገሚሱ ስቆ፣ ገሚሱ ቆሞ።

«የገበያ ዋጋ» በሚለው ሰረዝ አሰመርኩ፣ ባዶ ተውኩ።
የሁለት ሊትር ቤንዚን ግን
ግማሹን ከኪሴ ከፈልኩ።