የአዛናው ደብተር

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ከሲኒማው ጀርባ፣
አንገት ተደፍቶ ነው ከሱ ቤት የሚገባ።
መደርደሪያው ሙሉ ሬዲዮ፦ አንዱ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣
አንዱ በጀርባው ተኝቶ፣
አንዱ ከደርግ ወዲህ ቃል ሳይተነፍስ ዘግቶ።

መነጽሩን በሲባጎ ከጆሮው አስሮ አዛናው፣
ከንፈሬን እያየ፣ «እስቲ» አለኝ፣ «ሕመሙ ምንድን ነው?»

የያዝኩት ያባቴን ነው፤ በጋቢ የጠቀለልኩት፣
ከቁም ሳጥን አናት፣ ከሠላሳ ዓመት አቧራ ያወረድኩት።
ይዞራል፤ ግን ዝም ነው። መርፌው ተሰብሯል ከጫፉ።
ባሕር ዳር «የለም» አሉኝ፤
አዲስ አበባ ያሉት የበሬ ዋጋ ጠርተው አለፉ።

መሳቢያ ሳበ። የብስኩት ጣሳ፤ በጣሳው የክኒን ብልቃጥ፤
በብልቃጡ ጥጥ፤ በጥጡ ውስጥ
ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ
አንዲት መርፌ። ከጎኑ የራሱ ማጫወቻ
ክንዱን ሰቅሎ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ብቻ።
«ያንተስ?» አልኩት። «እሱ ዝምታ ለምዷል» አለና፣
መርፌዋን በወረንጦ አነሳ፣ ትንፋሹን ያዘና።

«ስንት ልክፈል?» አልኩ፣ እጄ ከኪሴ ገብቶ።
«እርሳስ ይዘሃል?» አለኝ።
ለብየዳ የሚቀልጠው መስሎኝ «ከየት አባቴ?» ስል፣
«የሚጽፈውን» አለ፣ ከወንበሩ ሥር ደብተር አውጥቶ፤
ሃምሳ ሉክ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት፣
የሻማ ጠብታ፣ የዘይት ጣት፣ የብዙ ሰው እጅ ያረፈበት።

ይህ የኑርሑሴን ነው፦ የአዲስ ዓለሙ ልብስ ሰፊ፣
ከብስክሌት ከመነዳሪ የቴፕ ቀበቶ ቀዳጅ፣ ልኩን በሚሊ ጻፊ።
ይህ የሲስተር ትርንጎ፦ ከሌሊት ተረኛ ስትወጣ
በሲሪንጅ አንዳንድ ጠብታ ዘይት ለሞተር የምታጠጣ።
ይህ የሾፌር ቢያድግልኝ፦ መተማ ላይ መኪናው ቆሞበት አድሮ፣
በአጥር ሽቦ የካርቱምን ጣቢያ ያመጣበት ዘዴ፣ በስኪሪፕቶ ተጭሮ።
አንድ ቦታ በቀይ፦ «አዛናው፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል፤
አርባ ሰባት ሳይሆን አራት ነጥብ ሰባት ነው፤
የሰው ቤት ልታቃጥል ነው፤ ያስጠይቅሃል።»
ያን ገጽ ለመጣው ሁሉ ገልጦ ያሳያል፤
ልጁን እንደ ዳረ ሰው ይስቃል።

«ሙያ በልብ ነው» ስለው ትንሽ ዝም አለና፣
«ጌታዬም እንዲያ ይል ነበር» አለኝ፣ ብየዳውን አኖረና፤
«ሲሠራ ጀርባውን ይሰጠን ነበር።
አንድ ቀን በልቡ እንደያዘው ወደቀ፤
ይኸው የልደታ አፈር ብቻ ሬዲዮ መጠገን አወቀ።»

ገለበጥኩ እስኪመሽ። የከተማው መብራት እስከ ፋሲል ዘመን ሄዶ መጣ፤
በሻማም ጻፍኩ፤ ስስት «ኮረንቲው እዚህ ገብቶ በየት በኩል ሊወጣ?»
ከዚያ መርፌዋ ወረደች። መጀመሪያ እንደሚቆላ ሽምብራ ተንጣጣ፤
ቀጥሎ ክራር፤ ቀጥሎ ዘፋኟ ልትጀምር የሳበችው አየር፣
አባቴ ጣቱን አንስቶ ዝም የሚያሰኘን እዚያ ላይ ነበር።

አዛናው ጆሮውን አላዘነበለም። መዳፉን ከሳጥኑ ጎን አሳረፈ፤
«ወፍራሙ ድምፅ ደህና ነው» አለ፤ ዓይኑን ከደነ፤
የሸክላው አንድ ፊት እንዲያ እንዳለ አለፈ።
ያኔ ገባኝ፦ ጆሮው መስማት ካቆመ ሰነባብቷል፤
የሰጠኝን መርፌ በእጁ ብቻ ሰምቷል።

አምስት ክረምት ሄደ። ያ ክፍል ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል፤
ዋናው ደብተር የት እንደገባ ትርንጎ ታውቅ ይሆናል።

ትናንት አመሻሽ ከአዘዞ አንዲት ልጅ መጣች፤
የአጎቷን ፊሊፕስ በማዳበሪያ ከረጢት ታቅፋ ከባጃጅ ወረደች።
«ይናገር ነበር» አለች፤ «በጥምቀት ማግስት ዝም አለ።
ስንት ያስከፍላል?»
ከጠረጴዛው ሥር ዳበስኩ።
«እርሳስ ይዘሻል?»