ሦስት ስም፣ ሁለት መስመር

ኅዳር ነው፤ ደብረ ብርሃን። ከቢሮው መስኮት ውጭ
ሣሩ ላይ ጨው መስሎ ተኝቷል ውርጭ።
እኔ ግን ብርዱን የማየው በስክሪን ነው፣
ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ አድርጌ የምስለው።
ነገ በሦስት ሰዓት ስብሰባ ተጠርቷል፤
ገብሱን የፈጀው የአምናው ኅዳር ግራፍ ይፈለጋል።

የሦስት ጣቢያ ሌሊት፦
ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ሰላ ድንጋይ።
ትእዛዙን ጻፍኩ። ፕሮግራሙ አሰበ፣ አሰበ፣
ሥዕሉን እንደ ጨርቅ ዘረጋው።
ቆጠርኩ፦ አንድ፣ ሁለት።
ሦስተኛውስ?

በቀኝ በኩል ከታች፣ በመግለጫው ሳጥን
ሦስቱም ስም ተጽፏል፤ «ሰላ ድንጋይ፣ አረንጓዴ» ይላል።
ወደ ሜዳው ስወጣ አረንጓዴ የለም።
ስም አለ፣ መንገድ የለም፤
ሰውየው አገር ከለቀቀ ስንት ዓመቱ፣
ስሙ ግን እንዳለ እንደሚቆይ በቀበሌው መዝገብ ቤቱ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሳጥኑን ነው።
መስመሮቹ ላይ ተቀምጧል ተዘርግቶ፣
ቀድሞ እንደ ደረሰ የሠርግ ቤት ዘመድ
ሰው የሚያልፍበትን በር ዘግቶ።
«ወደ ውጭ ውጣልኝ» አልኩት፤ ወጣ።
ከሥሩ የኅዳር ሃያ አንድ ሌሊት ብቅ አለች፣
ከዜሮ በታች ስድስት፤
ያን ሁሉ ገብስ ያቃጠለች፣ በስም ዝርዝር የተሸፈነች።
አረንጓዴው ግን አሁንም የለም።

ሰማያዊውን ተውኩት፣ እሱ ብቻውን ይሄዳል።
ቀዩን እንደ ፀጉር አቀጠንኩት፣
አረንጓዴውን አወፈርኩት፣ በነጥብ በነጥብ ቆራረጥኩት፣
ቀለሙን አሳሳሁት፤ ከሥር ያለው እንዲታይ።
ቅደም ተከተላቸውን ገለበጥኩ፦
አረንጓዴው ወጣ፣ ቀዩ ገባ።
አንድ ካፖርት ለሁለት ያላቸው ወንድማማቾች፤
አንዱ ገበያ ሲሄድ
አንዱ ቤት ይቀራል።

ዘነበወርቅ መጥታ በትከሻዬ በኩል አየች።
«አንዱን ፋይል ሁለቴ ጠርተሽው ይሆናል» አለች።
እኔም ደስ አለኝ፤ ስሕተቱ የእኔ ቢሆን ቀላል ነበር።
ፋይሉን ከፈትኩ፤ ሌላ ነው።
ቅጹን ከመደርደሪያ አወረድኩ፤ እጁም ሌላ፣
የሰባትን ወገብ በጭረት የሚያስር
የአቶ አጎናፍር እጅ፣ ፊርማውም ከሥር።

ያኔ አንዱን ከአንዱ ቀነስኩ።
ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።
ሠላሳ ሌሊት፣ ሠላሳ ዜሮ።
ሁለት ተራራ እንዲህ አይመሳሰልም፤
መንታ እንኳ በአንድ ትንፋሽ አይስልም።

ለካ ፕሮግራሙ ከጧት ጀምሮ እውነቱን ሲነግረኝ
እኔ ነኝ ቀለም የምቀባው።

ወደ ሰላ ድንጋይ ደወልኩ። ልጁ ናት ያነሣችው፣ እታፈራሁ።
«አምና? አምና ሳንባውን ታሞ ተኝቶ ነበር።
ቴርሞሜትሩም ተሰብሮ፣ ሌላ እስኪመጣ።
ጠዋት ጠዋት መሐል ሜዳ ላለው ባልንጀራው ይደውላል፤
‹ዛሬስ ስንት ወረደ?› ይለዋል፣
አልጋው ላይ ሆኖ የነገረውን ይጽፋል።
አባዬ ባዶ ቦታ አይወድም፤
ባዶ ቅጽ መላክ ያሳፍረዋል።»
ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች።
ከዚያ፣ ሳልጠይቃት፦
«አሁን የማነበው እኔ ነኝ። ዛሬ ከዜሮ በታች አራት።
ራሴ አይቼው።»

መምሸቱን ያወቅኩት እጄ ሲደነዝዝ ነው።
አረንጓዴውን መስመር አጠፋሁ፤
ስሙን ግን በሳጥኑ ውስጥ ተውኩት፣
አጠገቡ «አልተለካም» ብዬ።
ነገ አንዱ እጁን አውጥቶ ይጠይቃል፦
መስመር ለሌለው ስም ምን ያደርጋል?

እዚያም በርዶ ነበር፣ እላለሁ።
ስንት እንደሆነ የሚያውቁት
ገብሱና የአቶ አጎናፍር ሳንባ ናቸው።